የዲያቆን ልጅ

የአሌጌኒ ተራሮች ወደ ምዕራብ በሚያዘቀዝቁበት በፔንሲልቬንያ ምድር፣ ብረት በማቅለጥና የድንጋይ ከሰል በማውጣት የምትተዳደር ላትሮብ የምትባል አነስተኛ ከተማ ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማይቱ ባለጸጎች ተማክረው የጎልፍ ሜዳ ሲያስቈፍሩ፣ አካፋ ይዘው ከተቀጠሩት የቀን ሠራተኞች መካከል፣ በሕፃንነቱ የልጅነት ልምሻ መትቶት አንድ እግሩ የሰለለ፣ ትከሻውና ክንዱ ግን እንደ ብረት የጠነከረ አንድ ወጣት ይገኝ ነበር። ስሙ ሚልፍሬድ ጀሮም ፓልመር ሲሆን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ዲያቆን» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር። እጅ ተጭኖበት ክህነት የተቀበለ ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ዲያቆን ማለት በጥንቱ በጽርእ ቋንቋ አገልጋይ ማለት ነውና፣ ዕድሜውን ሙሉ የሌሎችን ሜዳ ሲጠብቅ ለኖረው ለዚህ ሰው ስሙ ከግብሩ ጋር የተስማማ ነበር። እኛ የምንተርከው የዚህን አገልጋይ ልጅ ታሪክ ነው። ዓመታቱንም፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

አርኖልድ ዳንኤል ፓልመር የተወለደው በሴፕቴምበር 10 ቀን 1929 ነው፤ ዕለቱም በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1921 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በአገራችን ልጆች ለዘመን መለወጫ ችቦ በሚለኵሱበት ዋዜማ መወለዱ ነው። የተወለደበት ዘመን ግን የብሥራት ዘመን አልነበረም። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ባለጸጎቹም ለሁለት ሰው ደመወዝ መክፈል ስለ ከበዳቸው፣ ዲያቆን የሣር ጠባቂነቱንና የጎልፍ አስተማሪነቱን ሥራ ደርቦ ያዘ። ቤተ ሰቡ የሚኖረው በዚያው በሜዳው ዳር ነበርና፣ ሕፃኑ አርኖልድ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ አንድ አሮጌ ዱላ ለቁመቱ በሚስማማ መጠን ቈርጦ ሰጠው። ጣቶቹንም አንድ በአንድ በዱላው እጀታ ላይ እየደረደረ አያያዙን አሳየው፤ ይህንንም አያያዝ እስከ ዕለተ ሞቱ እንዳይለውጠው አዘዘው። ቀጥሎም ኳሱን ባለው ኀይል ሁሉ እንዲመታ፣ ከዚያም ሄዶ ፈልጎ እንደገና እንዲመታ ነገረው። ልጁ ሁለቱንም ትእዛዝ እንደ አባቶች ኪዳን ጠበቀ።

የጎልፍ ሕግ ለመስማት ቀላል ነው። በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ በየርቀቱ 18 ጕድጓዶች ይዘጋጃሉ፤ ተጫዋቹም ከዕንቍላል ያነሰች ነጭ ኳስ በዱላ እየመታ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ያስገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። የጨዋታው ማኅበራዊ ሥርዐት ግን እንደ ሕጉ ቀላል አልነበረም። በእኛ አገር በገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይራኰታሉ፤ ጌታውም የሎሌው ዱላ ቅልጥሙን ቢያገኘው እንኳ በዚያን ቀን አይቈጣም። በላትሮብ ሜዳ ግን ጌታና ሎሌ በዐጥር ተለይተው ነበር። የሠራተኛ ልጅ የሜዳው ማኅበር አባላት በሚጫወቱበት ሰዓት በሣሩ ላይ እንዲታይ አልተፈቀደለትም፤ አባላቱ ከሚዋኙበት ገንዳም መግባት ክልክል ስለሆነ አርኖልድ ዋና የለመደው በወራጅ ውኃ ነው። አባቱም ራሱ ሳይጋበዝ ወደ አባላቱ የመመገቢያ አዳራሽ አይገባም ነበር። ሆኖም ልጁ ከዐጥሩ ማዶ ሆኖ እንኳ ለጸጋው ገበያ አገኘ። አንዲት የማኅበሩ አባል ኳሷን ከአንድ ጕድባ ማሻገር ስለሚያዳግታት፣ የሰባት ዓመቱን ልጅ ጠርታ እንዲያሻግርላት ትጠይቀውና ለያንዳንዱ ምት አምስት ሳንቲም ትሰጠው ነበር። እነዚያ አምስት አምስት ሳንቲሞች በዘመናት ውስጥ ወደ ሚሊዮን ያደገው ሀብት የመጀመሪያ ፍሬዎች ነበሩ።

ኀይሉ እየጐለመሰ ሲሄድ ቍጣውም አብሮት አደገ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በምዕራብ ፔንሲልቬንያ የወጣቶች ውድድር ላይ አንድ ምት ቢበላሽበት ዱላውን አሽቀንጥሮ ከዛፍ በላይ አሳለፈው። ጨዋታውን እርሱ አሸነፈ፤ ዋንጫም ተቀበለ፤ ወደ ቤት በሚመለሱበት ጊዜ ግን በመኪናው ውስጥ እናትም አባትም ዝም አሉ። በመጨረሻ አባቱ፣ በእኔ ቤት እስካለህ ድረስ ሁለተኛ ዱላ ስትወረውር ባይ ውድድር ለአንተ አብቅቷል ሲል በቀዝቃዛ ድምፅ ገሠጸው። ተግሣጹ አጭር ነበር፤ ፍሬው ግን ዕድሜ ልክ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመታት ያህል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አርኖልድ ፓልመር፣ በውስጡ እሳት ቢነድም በሰው ፊት ራሱን የሚገዛ ሰው ነበር።

በጎልፍ ችሎታው የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በሰሜን ካሮላይና ወደሚገኘው ወደ ዌክ ፎረስት ኮሌጅ ገባ። በዚያም ቡድ ዎርሻም ከሚባል ወጣት ጋር እንደ ወንድም ተዋደደ። በ1950 መጸው አንድ ሌሊት ዎርሻም በመኪና አደጋ ሞተ። የፓልመር ልብ በኀዘን ስለ ተሰበረ በዚያ ግቢ መኖር አልሆንልህ አለው፤ ትምህርቱንም ትቶ በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ጦር ሦስት ዓመት አገለገለ። ከጦሩ ሲወጣ ወደ ኮሌጁ ተመልሶ ጥቂት ቢቈይም ዲግሪውን ሳይጨርስ ክሊቭላንድ ሄደና ቀለም ሻጭ ሆነ። እንግዲህ በ1954 ክረምት የምናገኘው ሰው፣ ከሰኞ እስከ ዐርብ የቀለም ናሙና ይዞ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ የሚዞር፣ በትርፍ ሰዓቱ ኳስ የሚመታ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው።

በዚያ ዘመን አማተር የሚለው ስም የክብር ስም ነበር። አማተር ለፍቅር ሲል ይጫወታል፣ ፕሮፌሽናል ግን ለእንጀራ ይጫወታል ስለሚባል፣ ፕሮፌሽናሉ በብዙዎች ዘንድ ከአስተናጋጅና ከሣር ጠባቂ ጋር ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ለፍቅር ብቻ መጫወት የሚችለው እንጀራው ከሌላ የሚመጣለት ሰው ነው። በኦገስት ወር በዲትሮይት የተደረገው የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮና ፍጻሜ ይህን ልዩነት በሥጋ ያሳየ ነበር። ፓልመር በግማሽ ፍጻሜው ለ36 ጕድጓዶች የታሰበውን ጨዋታ እስከ 39ኛው አራዝሞ በድካም ካሸነፈ በኋላ፣ ለመጨረሻው ቀን የተሰለፈለት ሮበርት ስዊኒ የሚባል የአርባ ሦስት ዓመት ባለ ባንክ ነበር። ይህ ሰው በ1937 የብሪታንያን የአማተር ሻምፒዮና ያሸነፈ፣ ለብሶ የሚያምር፣ በሁለቱ የአትላንቲክ ዳርቻዎች ባሉ የመኳንንት ሜዳዎች ላይ ያደገ ነው። በዚህ ውድድር የሚቈጠረው ያሸነፉት ጕድጓድ ብዛት ነበርና፣ ገና አራት ጕድጓድ ሳያልፉ ስዊኒ በሦስት መራ። የሣር ጠባቂው ልጅ ግን ከኋላው ያለውን ጕድጓድ ረስቶ የፊቱን ብቻ እያየ፣ ቀስ በቀስ ልዩነቱን አጥብቦ፣ ቀኑ ሲመሽ በአንድ ጕድጓድ ብልጫ አሸነፈ። ዲያቆን ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ምስጋና ለመስጠት የማይቸኵል ሰው ነበርና ለልጁ ደኅና እንዳደረገ በአጭሩ ነገረው፤ ልጁም ከዚያ ቃል የሚበልጥ ዋንጫ እንዳልነበረው በእርጅናው ዘመን እንኳ ሲናገር ኖረ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። በሴፕቴምበር በአንድ ውድድር ላይ ዊኒፍሬድ ዎልዘር የምትባል ልጃገረድ ተዋወቀና በጥቂት ቀናት ውስጥ ለጋብቻ ጠየቃት፤ በኖቬምበር አማተርነቱን ትቶ ፕሮፌሽናል መሆኑን አስታወቀ፤ በዲሴምበርም የልጅቷ አባት ባይወድም ተጋቡ። አዲስ ፕሮፌሽናል ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከፕሮፌሽናሎች ማኅበር ውድድሮች ሽልማት እንዳይቀበል ደንቡ ያዝ ስለ ነበር፣ ሙሽሮቹ በመኪናቸው የሚጐተት ጠባብ ተሳቢ ቤት ይዘው ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተቱ። በ1955 ክረምት ግን በቶሮንቶ በተደረገው የካናዳ ኦፕን ፓልመር አራቱን ዙር በ265 ምት ጨርሶ አሸነፈ፤ የተከፈለውም 2,400 ዶላር ነበር።

ታላቁ ስም የመጣው ከኦገስታ ነው። በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በኦገስታ ከተማ በየዓመቱ በፀደይ የሚደረገው የማስተርስ ውድድር፣ አሸናፊው አረንጓዴ ካባ የሚለብስበት፣ በጎልፍ ዓለም እንደ ሢመት የሚቈጠር ነው። በ1958 በመጨረሻው ቀን በ12ኛው ጕድጓድ የፓልመር ኳስ በዝናብ በራሰው መሬት ውስጥ ተቀበረች። እርሱ ኳሷን ያለ ቅጣት የማንሣት መብት አለኝ ሲል፣ በቦታው የነበረው ዳኛ የለህም አለው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ኳሷን እንዳለች፣ ሁለተኛም ሌላ ኳስ ጥሎ ተጫውቶ ፍርዱን ለበላይ ዳኞች ተወ። ጥቂት ጕድጓዶች ካለፉ በኋላ ፍርዱ ለእርሱ ደረሰና በአንድ ምት ብልጫ የመጀመሪያውን አረንጓዴ ካባ ለበሰ። አብሮት ይጫወት የነበረው ኬን ቬንቱሪ ግን ይህን ፍርድ እስከ እርጅናው ድረስ አልተቀበለውም።

በዚሁ ሜዳ አጠገብ የጎርደን ጦር ሰፈር ነበረ። ከሰፈሩ የሚመጡ ወታደሮች የውጤት ሰሌዳ ይይዙ፣ የደንብ ልብሳቸውንም እንደ ለበሱ ጨዋታ ያዩ ነበርና፣ ፓልመርን እየተከተለ የሚጐርፈው ሕዝብ «የአርኒ ጦር» ተባለ። ሌሎቹ ተጫዋቾች በዝግታና በመጠን ሲጫወቱ፣ እርሱ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ፣ ሲጋራውን ከሣሩ ላይ ጣል አድርጎ፣ ኳሷን እንደ ባላንጣ በመላ ሰውነቱ ይመታል፤ ብትሳሳት ፊቱ ይጨማደዳል፣ ብትቃና ይበራል፤ ሕዝቡም ከፊቱ ላይ የጨዋታውን ታሪክ ያነባል። ፊርማ የሚለምነውንም ሁሉ እየቆመ፣ ስሙ ፊደል በፊደል እንዲነበብ አድርጎ ይፈርምለት ነበር። ልክ በዚያን ወራት ቴሌቪዥን በየአሜሪካዊው ቤት እየገባ ስለ ነበር፣ ጎልፍ ምን እንደሆነ የማያውቀው የፋብሪካ ሠራተኛ እንኳ ይህን የላትሮብ ልጅ እንደ ዘመዱ ያየው ጀመር።

ከዘመኑ ሁሉ ግን 1960 ይበልጣል። በኤፕሪል በኦገስታ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጕድጓዶች ለየጕድጓዱ ከተመደበው የምት ቍጥር በአንድ አንድ ምት አሳንሶ በመጨረስ፣ ቬንቱሪን በአንድ ምት ቀድሞ ሁለተኛውን ካባ ለበሰ። በጁን የአሜሪካ ኦፕን በኮሎራዶ፣ በዴንቨር ከተማ አጠገብ፣ በቼሪ ሂልስ ሜዳ ተደረገ። አገሩ ደጋ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ኳስ ከወትሮው ርቃ ትበራለች። የመጀመሪያው ጕድጓድ ርቀት 346 ያርድ ነበር፤ ፓልመር ከመነሻው በአንድ ምት ግሪኑ ላይ፣ ማለት ጕድጓዱ ካለበት ከተከረከመው ሣር ላይ፣ ለማሳረፍ በመጀመሪያው ቀን ሞክሮ ኳሱን ከወንዝ ከተተና በስድስት ምት ወጣ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙርም ሞከረ፤ አልሆነም።

በዚያ ዘመን የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ቅዳሜ በአንድ ቀን ይደረጉ ነበር። ከጥዋቱ ዙር በኋላ ፓልመር ከመሪው ከማይክ ሱቻክ በሰባት ምት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ዐሥራ አራት ሰዎች ይቀድሙት ነበር። በልብስ መለወጫው ክፍል ሀምበርገር እየበላ፣ ከሰዓት በኋላ 65 ብጫወትስ፣ ድምሩ 280 አይሆንምን፣ በ280ስ ኦፕን አይሸነፍምን ብሎ ጠየቀ። የፒትስበርጉ ጋዜጠኛ ቦብ ድረም የሁልጊዜ ወዳጁ ነበር፤ ቢሆንም ነገሩ እንዳለቀለትና ምንም እንደማይጠቅመው ሳያፍር ነገረው። ፓልመር ተቈጣ፤ የጀመረውን ምግብ ትቶ ወጣ። ያ ቍጣ በልጅነቱ ዱላ ያስወረወረው ቍጣ ነበር፤ አሁን ግን ዱላውን አልወረወረም፣ ያዘው እንጂ። ከመነሻው ቆሞ ኳሷን በሙሉ ኀይሉ መታት፤ ኳሷም በግሪኑ ፊት ያለውን ረጅም ሣር ሰንጥቃ ዘለቀችና ግሪኑ ላይ ዐረፈች። ከዚያ ወዲያ ጐርፍ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ጕድጓዶች ስድስቱን ከተመደበው በአንድ ምት አሳንሶ ጨረሰ፤ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ በ30 ምት ፈጸመ።

በዚያን ዕለት በዚያ ሜዳ ሦስት ትውልድ ተገናኝቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአርባ ሰባት ዓመቱ ቤን ሆገን አምስተኛውን የኦፕን ዋንጫ ለማግኘት ተቃርቦ ሳለ በ17ኛው ጕድጓድ ኳሱ ውኃ ውስጥ ገባችበት፤ ከእርሱ ጋር ይጫወት የነበረው ጃክ ኒክላውስ የሚባል የሃያ ዓመት አማተር ተማሪ በ282 ጨረሰ። ፓልመር ግን እንደ ቃሉ 65 ተጫውቶ፣ በ280 አሸንፎ፣ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ። ሆገን ያለፈው፣ ኒክላውስ የሚመጣው ዘመን ሲሆን፣ ያ ቀን ግን የፓልመር ነበር።

በሚቀጥለው ወር ወደ ስኮትላንድ ተሻገረ። የብሪታንያ ኦፕን የውድድሮች ሁሉ እናት ቢሆንም፣ ከጦርነቱ ወዲህ አሜሪካውያን በርቀቱና በሽልማቱ ማነስ ምክንያት ችላ ብለውት ነበር። ፓልመር መቶኛ ዓመቱ በተከበረበት በሴንት አንድሩስ በአንድ ምት ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። በ1961 በሮያል በርክዴል ሜዳ ወደ ውድድሩ ተመለሰ፤ ማዕበል ድንኳን እየነቀለ ሳለ፣ በሁለተኛው ዙር አሸዋ ውስጥ የነበረችው ኳሱ ሊመታት ሲል በነፋስ ተንቀሳቀሰች። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ግን በራሱ ላይ መስክሮ አንድ የቅጣት ምት አስቈጠረ። ውድድሩን ያሸነፈው በአንድ ምት ብልጫ ብቻ እንደ ሆነ ስናስብ፣ ያ ምስክርነት ምን ያህል ውድ ሊሆንበት ይችል እንደ ነበር እንረዳለን። በ1962 በትሩን ሜዳ እንደገና፣ አሁን በስድስት ምት ብልጫ አሸነፈ፤ ከእርሱ በኋላም ታላላቆቹ የአሜሪካ ተጫዋቾች በየዓመቱ ባሕሩን መሻገር ልማድ አደረጉት።

ሕዝቡ የወደደው ግን ድሉን ብቻ አይደለም፤ ሽንፈቱንም ጭምር ነው። በ1961 በኦገስታ በመጨረሻው ጕድጓድ አንድ ምት እየመራ ሳለ፣ አንድ ወዳጁ ከሕዝቡ መካከል ጠርቶ እንኳን ደስ ያለህ ቢለው ሄዶ ጨበጠው፤ ልቡም ከሥራው ተለየ፤ ኳሷን አሸዋ ውስጥ ከተታትና በስድስት ምት ወጥቶ ካባውን ለጋሪ ፕሌየር ተወለት። በ1962 ከላትሮብ በማይርቀው በኦክሞንት በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን፣ የገዛ አገሩ ሕዝብ እየጮኸለት፣ በምት እኩል ከወጡ በኋላ ኒክላውስ በተጨማሪው ቀን 71 ለ74 አሸነፈው። በ1964 አራተኛውን የማስተርስ ድል፣ ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ታላቅ ዋንጫ ካገኘ በኋላ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የተደረገው የ1966ቱ የአሜሪካ ኦፕን መጣ። ዘጠኝ ጕድጓድ ሲቀረው ቢሊ ካስፐርን በሰባት ምት ይቀድም ነበር። እንደ ሌላ ሰው በጥንቃቄ ተጫውቶ ዋንጫውን ወደ ቤቱ ሊወስድ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ቤን ሆገን በ1948 ያቆመውን የ276 ክብረ ወሰን ለመስበር ተመኝቶ በድፍረት መታ፤ ሰባቱ ምት አንድ በአንድ አለቁ፤ በማግሥቱም ካስፐር 69 ለ73 ረታው። የመጀመሪያውን የቼሪ ሂልስ ጕድጓድ የሰጠው ድፍረት በሳን ፍራንሲስኮ የሰጠውን ነሣ፤ ሁለቱም ከአንድ ባሕርይ የተቀዱ ናቸውና አንዱን አመስግኖ ሁለተኛውን መንቀፍ አይቻልም።

በዚህ መካከል ማርክ ማኮርማክ ከሚባል የክሊቭላንድ ጠበቃ ጋር በእጅ መጨባበጥ ብቻ ውል ገብቶ ነበር፤ ከዚያም የስፖርተኛን ስም ወደ ንግድ የሚለውጠው ሥራ በመላው ዓለም ተስፋፋ። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነችው ጃንጥላው በልብስና በዕቃ ላይ ሁሉ ታየች። በ1968ም በውድድር ሽልማት ብቻ 1,000,000 ዶላር የሞላ የመጀመሪያው የጎልፍ ተጫዋች ሆነ። ቀድሞ በቤተ መንግሥት የኖሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሳይቀሩ በሠላሳ ሰባተኛ የልደት ቀኑ ሻንጣቸውን ይዘው፣ በገዛ እጃቸው የሣሉትን ሥዕል ስጦታ አድርገው፣ ላትሮብ ከቤቱ ደጃፍ ድረስ በእንግድነት መጡለት። በ1971 ደግሞ አርኖልድ ፓልመር የላትሮብን የጎልፍ ማኅበር ገዛ። በልጅነቱ እንዳይዋኝበት የተከለከለው ገንዳ፣ አባቱ ሳይጋበዝ የማይገባበት አዳራሽ፣ ያ ሁሉ ርስቱ ሆነ። ዲያቆን ይህን አይቶ በ1976 ዐረፈ። ልጁ በዚያው ዓመት፣ በወጣትነቱ የነበረበትን የበረራ ፍርሀት ድል ነሥቶ አብራሪ ሆኖ ነበርና፣ ከሁለት ረዳቶች ጋር በትንሽ ጀት ዓለምን በ57 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ዞረ።

ዕድሜው ሃምሳ ካለፈ በኋላ በ1981 የአሜሪካን የአንጋፎች ኦፕን አሸንፎ፣ የአማተሩን፣ የኦፕኑንና የአንጋፎቹን ሻምፒዮና በሙሉ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በኦርላንዶ ከተማ በስሙ የሕፃናት ሆስፒታል ተሠራ። በማስተርስ ከ1955 እስከ 2004 ድረስ ሳያቋርጥ ሃምሳ ጊዜ ተጫወተ። በአሜሪካ የፕሮፌሽናሎች ማኅበር ውድድሮች ያገኛቸው ድሎች በጠቅላላ 62 ናቸው፤ ከእርሱ የበለጠ ያሸነፉ አሉ፤ ጨዋታውን ከዐጥሩ ውጭ ለነበረው ሕዝብ የከፈተ ግን እንደ እርሱ የለም።

በሴፕቴምበር 25 ቀን 2016፣ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በፒትስበርግ የልብ ሕክምና ሲጠባበቅ በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ። የመታሰቢያው ጸሎት በላትሮብ በቅዱስ ቪንሰንት ገዳም ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ዐመዱም አባቱ ዲያቆን በወጣትነቱ አካፋ ይዞ በቈፈረው ሜዳ ላይ ተበተነ።